ጥንዚዛዋ ጀርባ ላይ ያለችው ልጅ

ጥቅምት 9

ለእትዬ፣

ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ የተሟላ፣ ቤትዎ ሰላም ይሁን። እኛ ደህና ነን።

እዚህ ድረስ ጽፌ ብዕሩን አስቀምጬ ነበር። ልበል ወይስ ይቅር ስል ቆየሁ። ተናድጄብዎታለሁ። ይኸው፣ ወጣልኝ። ሰው ሲያናድደኝ ለራሱ ለሰውየው ነግሬ አላውቅም፤ ወይ ልብስ አጥባለሁ ወይ ጓሮ እገባለሁ። በስልክ እንዳልነግርዎት ስልኩ የእማዬ ነው፤ ከእርስዎ ጋር ሳወራ አጠገቤ ቆማ "ምን ይዘጋሻል፣ አመስግኛት እንጂ" ትለኛለች። ወረቀት ላይ ግን ማንም መሃል አይገባም።

ትናንት ቀሚሴን ላሳጥር ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄድኩ። እርስዎ ካሉበት የውጭ አገር ከተማ ወንድሙ ካላንደር ልኮለት ከስፌት መኪናው በላይ ሰቅሎታል። ቀና ስል ሻለቃው ያየኛል።

ሻለቃውን ያውቁታል። የጓሯችን ግድግዳ ላይ የሚኖረው፣ ድር ሳይሠራ እየዘለለ የሚያድነው፣ ከትንሿ ጣቴ ጥፍር የሚያንሰው ሸረሪት ነው። ሻለቃ ያልኩት ሰልፍ እንደሚጎበኝ ሰው ደረቱን ነፍቶ ስለሚቆም ነው። በግራ በኩል አንድ እግር ይጎድለዋል። ካላንደሩ ላይም ይጎድለዋል። ዓይኖቹ አራት ሆነው ፊት ለፊት ተደርድረዋል፣ ከግንባሩ ፀጉር ላይ ጠል ተንጠልጥሏል፣ ሁሉም እንዳነሳሁት ነው። ከሥሩ በደቃቁ በእንግሊዝኛ "ፎቶ" ይልና የእርስዎ ስም አለ።

ልብስ ሰፊው እያየሁት መሆኔን አይቶ፣ "አየሽ የእናትሽን እህት? እዚያ ሄዳ ሸረሪት እያነሳች ግድግዳ ላይ ወጣች። የኔ ሱቅ ሸረሪቶችማ ሥራ ፈተው ነው የሚውሉት" ብሎ ሳቀ። ዝም አልኩ። "ምነው፣ አፍሽን አብሬ ሰፋሁት እንዴ?" አለኝ። ቀሚሴን ጥዬለት ወጣሁ።

ስልክ ላይ በመቆንጠጫ የምትያዘውን ሌንስ የላኩልኝ እርስዎ ነዎት፤ አልረሳሁም። ያኔ "አረንጓዴ ነገር ናፍቆኛል፣ የምታነሺውን ላኪልኝ፣ በእረፍቴ ሰዓት እያየሁ ልቤን አሳርፍበታለሁ" አሉኝ። እኔም እንዲያዩት ላክሁ። ሻለቃውን ለማግኘት ስንት ጠዋት ግድግዳው ሥር በሆዴ እንደተኛሁ እማዬ ትመስክር፤ ቀሚሴ የሚያጥረው ከፊቱ ጭቃ ጨርሶት ነው። የእርስዎ ስም ግን እዚያ ግድግዳ ሥር ተኝቶ አያውቅም።

ለምን እንደሆነ ይጻፉልኝ። በስልክ አይንገሩኝ።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 21

ለጭምቷ ልጄ፣

እንደምን አለሽልኝ? ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ ክፉ ነገር በዞርሽበት አይዙር፣ የእናትሽን እርጅና ጧሪ ያድርግሽ። እኔ እዚህ ወገቤን ከማመሙ በቀር ደህና ነኝ።

ደብዳቤሽን ሳነብ ሳቄ መጣ። እንግዳ ሲመጣ በር ጀርባ የምትገባው ልጅ እንዲህ ትቆጣለች? ጎበዝ፣ ቁጣ ያምርብሻል። መልሱን ያዘገየሁት ሥራ ወጥሮኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማተሚያ ቤት እንደምሠራ ታውቂያለሽ፤ ወለል ማጽዳት መሆኑን ለእናትሽ አልነገርኳትም ነበር፣ አንቺም አትንገሪያት። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ባልዲዬ ላይ ተቀምጬ ሸረሪትሽን ሳይ አለቃዬ ከኋላዬ መጣ። "ይሄ የማን ነው?" አለኝ። እዚያ በገባሁበት ዘመን ሁሉ ሰውየው አንድ ነገር ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነው። "የኔ ነው" አልኩት። ሌላ ምን ልበል? የእህቴ ልጅ፣ ስልኩ የእናቷ፣ ሌንሱ የኔ ብዬ የዘር ሐረግ ልቁጠርለት? አሁን መጥረጊያውን አስቀምጬ ወንበር ላይ እየተቀመጥኩ ፎቶ ለዪልን ይሉኛል። በስሜ ነው የሚጠሩኝ።

ደግሞስ እኛ ቤት የኔና ያንቺ መቼ ነበረና? እናትሽና እኔ በአንድ ጥንድ ጫማ ነው የተማርነው። እሷ ጠዋት አድርጋው ትሄዳለች፣ እኔ ከሰዓት መንገድ ላይ ጠብቄ ከእግሯ እቀበላታለሁ። ማንም የማን ነው ብሎ አልጠየቀም።

አሁን የምፈልገው ጥንዚዛ ነው። የሚያብረቀርቅ፣ ጌጥ የመሰለ። ለሚቀጥለው ካላንደር ሽፋን ይሆናል ብለውኛል። እዚህ አንዲት ሴት መላውን ነግራኛለች፤ ነፍሳቱን ፍሪጅ ውስጥ ትንሽ ታቆያቸዋለሽ፣ ሲደነዝዙ ያዘዝሻቸው ቦታ ይቆማሉ። እንዳንቺ በጭቃ መንከባለል ቀርቷል። ቶሎ በይልኝ።

እትዬሽ


ኅዳር 30

ለእትዬ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ወገብዎን ይማርልኝ። የምለው ከልቤ ነው፣ ብናደድም።

የጫማውን ነገር እማዬም ነግራኛለች። ጠዋት እሷ፣ ከሰዓት እርስዎ። ተራ ነበራችሁ ማለት ነው። የኔ ተራ መቼ ነው?

ፍሪጅ ውስጥ ማንንም አላስገባም። እኔ የማነሳቸው ቤታቸው ነው። ፀሐይ ግድግዳውን ሳታልፍ እወጣለሁ፤ ያን ሰዓት ብርዱ ራሱ ይዟቸዋል፣ ማንም አላስገደዳቸውም። ባልዲ እደፋና ክርኔን አስደግፍበታለሁ። ከጥላው በኩል ነጭ ሳህን አቆማለሁ፣ ብርሃን እንዲመልስላቸው። ሌንሷ በጣም ካልተጠጉ አታይም፤ ስትጠጋም ዓይኑን ካሳየች እግሩን ታደበዝዛለች። በጣት ነክቶ ማስተካከል አይቻልም፤ ከወገቤ ወደፊትና ወደኋላ እያልኩ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ዓይኑ ጥርት ሲል ብቻ ነው። አብዛኛው ይበላሻል። ጉንዳን መሃል ላይ ፊቷን ታዞራለች። ቀንድ አውጣ እንኳን፣ ያቺ ዘገምተኛ፣ አምልጣኝ ታውቃለች። ካመለጡኝ አመለጡኝ ነው፤ አልከተልም።

ጥንዚዛውን አልክልዎትም ልል ነበር ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት። ግን ተልኮልዎታል።

ወይዘሮ ብዬ ስም ያወጣሁላት አረንጓዴ ጥንዚዛ አለች፤ ጽጌረዳው ላይ ነው የምትውለው፣ ጀርባዋ እንደተወለወለ ማሰሮ ክዳን ነው። ባለፈው ሳምንት አገኘኋት፣ ሙሉዋን። ለማንም አላሳየሁም። ልብስ ሳሰጣ እማዬ ስልኩን ከፍታ አይታ ላከችልዎት። "ደውላ ለመነችኝ፣ እምቢ ልበላት?" አለችኝ። የኔ ነው ስላት ደግሞ፣ "ሌንሱ የእሷ፣ ስልኩ የኔ፣ ጥንዚዛዋ የፈጣሪ። አንቺ ምኑ ላይ ነሽ? ጠቅ ማድረግ እኮ ነው" አለችኝ።

ጓሮ ገብቼ የታጠበውን ልብስ ሁሉ እንደገና ጨመቅሁት።

እባክዎ ያጥፉት። ለማንም አያሳዩብኝ።

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 8

ጭምቷ፣

ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ለእናትሽ፣ ሰላም ለጓሮሽ። በፍጥነት የምጽፍልሽ ነገር ስለተበላሸ ነው።

ላጠፋው አልቻልኩም፤ ደብዳቤሽ ሳይደርሰኝ አሳይቼዋለሁ። ወይዘሮሽን ለሽፋን መረጧት። መጀመሪያ ለሙከራ በትልቁ አተሟት፤ የበር ቁመት ታህላለች፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጓት፣ ሠራተኛው ሁሉ ከበባት። አንዱ "ይቺ ጥንዚዛ ናት ወይስ መኪና?" ይላል፣ ሌላው ጀርባዋ ላይ ፀጉሩን ያበጥራል። እኔ ደረቴን ነፍቼ እንደ ሻለቃሽ ቆሜያለሁ።

ቀለም የሚመረምር አንድ ሰው አለን፣ ባለማጉያው እንለዋለን፣ ቀኑን ሙሉ በማጉያ መስታወት ወረቀት ላይ ተደፍቶ ነው የሚውል። ጀርባዋ ላይ ተደፋ። ተደፍቶ ቀረ። ከዚያ "ይህቺ ማን ናት?" አለ።

አየሁ። ጀርባዋ መስታወት ሆኖ ጓሯችሁን በሙሉ ይዞታል። የልብስ ገመዱ አለ፣ የተከፈተው በር አለ፣ የተደፋው ባልዲ አለ፣ ሳህኑ አለ። መሃል ላይ ስልኩን የያዘች ሻሽ ያሰረች ልጅ አለች። ጠባብ ትከሻሽን ሳይ አወቅሁሽ።

ሁሉም እኔን ያያሉ። "እኔ ነኛ" አልኩ፣ "ዘመዶቼ ጋ ሄጄ ሳለ።" ባለማጉያው አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየና፣ "ጥንዚዛ ጀርባ ላይ ሰው እንዲህ ይከሳል?" አለ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

አለቃዬ ሰው የሌለበት ሌላ አምጪ ብሎኛል። ስለዚህ አሁኑኑ ድገሚያት። ጠይቄ አጣርቻለሁ፤ ጥቁር ጨርቅ ከራስሽ እስከ እግርሽ ትከናነቢያለሽ፣ ባልዲውንና ልብሱን ታነሺያለሽ፣ በሩን ትዘጊያለሽ። ያኔ ጀርባዋ ላይ ምንም አይታይም። ለአንቺ ምን ይከብዳል? መደበቅ እንደሆነ ያደግሽበት ነው።

እትዬሽ


ታኅሣሥ 17

እትዬ፣

ሰላምታውን አልረሳሁትም። ዛሬ አልመጣ ብሎኝ ነው።

አልከናነብም።

ፎቶውን እማዬ ስልክ ላይ ከፍቼ በጣቴ አሰፋሁት። እውነትዎን ነው፣ አለሁ። እኔ አላየሁም ነበር፤ ዓይኗን ብቻ ነበር የማየው። ቤታችን ውስጥ ያለውን የቤተሰብ ፎቶ ያስታውሱታል፤ ሁሉም ሲሰለፍ እኔ እማዬ ኋላ ገብቼ እጄ ብቻ ነው የሚታየው። ፎቶ ሲነሳ እንዲህ ነኝ። ወይዘሮ ጀርባ ላይ ግን መሃል ላይ ነኝ፤ ባልዲውም፣ በሩም፣ ሰማዩም ዙሪያዬን ጎብጠው እኔን ያያሉ። የሰሊጥ ፍሬ አላክልም፣ ግን እኔ ነኝ። እማዬን ጠርቼ አሳየኋት። "ምኑ ላይ ነሽ ብለሽኝ ነበር፤ እዚህ ላይ ነኝ" አልኳት። ለረጅም ጊዜ አየችና ስልኩን ይዛ ወጣች።

እርስዎም አይተውኛል። በትከሻዬ አወቁኝ። አውቀውኝ ነው "እኔ ነኝ" ያሉት። የስሙ ነገር በሩቅ የተደረገ ነበር፣ በቁጣዬ ውስጥም ምናልባት ተሳስተው ይሆናል እል ነበር። አሁን ግን ፊቴን እያዩ ነው። በአንቺ ልጽፍልዎት ፈልጌ እጄ እምቢ አለኝ እንጂ እትዬ የሚለውም ከብዶኛል።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 3

ለእህቴ ልጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ምርቃቱን ለሌላ ጊዜ አስቀምጬዋለሁ፣ አንቺም ሰላምታውን አስቀምጠሻልና።

እኔም እናደዳለሁ፣ ልንገርሽ። አንቺ ጠዋት ጓሮ ወጥተሽ ስትጫወቺ እኔ የሰው ጫማ የረገጠውን ስጠርግ ኖሬያለሁ። ሌንሷን የገዛሁት ለራሴ ካልሲ ትቼ ነው። አንድ ወንበር አገኘሁ፤ እሱንም በአንዲት ሸረሪት ቀናሽብኝ።

አሁን የባሰ መጥቷል። አለቃዬ ደንበኞቹን ጠርቷል፤ ማተሚያ ቤቱ ግቢ ውስጥ እንዴት እንደማነሳ በፊታቸው ላሳይ ነው። ሞክሬዋለሁ። በአንቺ ደብዳቤ እየተመራሁ ነጭ ሳህን ገዛሁ፣ ባልዲ ደፋሁ፣ መናፈሻ ውስጥ በሆዴ ተኛሁ። አንድ ሽማግሌ "ምን ጠፋብሽ?" ብለው አብረውኝ ሊፈልጉ ተንበረከኩ። ካነሳሁት ሁሉ የተገኘው ጭጋግ ነው። ጉንዳን ይሁን የጫማ ክር አይለይም።

ስለዚህ የምለምንሽ የመጨረሻ ነገር ይህ ነው። ሁሉንም ጻፊልኝ። ትንፋሽሽን መቼ እንደምትይዢ፣ ከወገብ የምትዪው እንዴት እንደሆነ፣ ምን ስታዪ እንደምትነኪ፣ ምንም ሳታስቀሪ። ከዚያ በኋላ ፎቶም አልጠይቅሽም።

እምቢ ካልሽ ሌንሷን መልሺ። እናትሽም ወንበሬን ማን እንዳሳጣኝ ከኔ አፍ ትሰማለች።

እትዬሽ


ጥር 11

ለእትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። ወንበርዎ ላይ ያቆይዎ። ይህንንም ከልቤ ነው የምለው፤ ቀጥሎ የምጽፈውም ከልቤ ነው።

አልጽፍልዎትም። ሻለቃውን ወሰዱ፣ ወይዘሮን ወሰዱ፣ ቀጥሎ እኔን ከጀርባዋ ላይ ማጥፋት ፈለጉ። አሁን ደግሞ የቀረውን፣ ትንፋሼን። ጠይቀውኝ ቢሆን ሁሉንም እሰጥዎት ነበር፤ የሚያናድደኝ እሱ ነው። "ልጄ፣ ያነሳችው የእህቴ ልጅ ናት ብል ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁ፣ ምን ላድርግ?" ቢሉኝ ኖሮ ፍራት ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ዝም እልልዎት ነበር። ጨዋታ ነው ያሉትን ግን ሽማግሌው እንኳን አብረውዎት ተንበርክከው አልሆነልዎትም።

ዛሬ ቀሚሴን ላመጣ ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄድኩ። ወንድሙ ለእረፍት መጥቶ እዚያ ተቀምጧል። ካላንደሩ አሁንም ሻለቃው ላይ ነው፤ "ይሄን ገጽ ማገላበጥ አስጠላኝ፣ ደንበኛ ያመጣልኛል" አለኝ።

"እሱን ያነሳሁት እኔ ነኝ" አልኩት።

ሁለቱም ቀና አሉ። ድጋሚ አልኩት፤ መጀመሪያ ያልሰሙኝ መስሎኝ ነበር። እግሩን አሳየኋቸው፣ ግድግዳችን ላይ መጥታችሁ እዩት አልኳቸው። ልብስ ሰፊው መርፌውን ከአፉ አወጣና "እንዲያ ከሆነ ያን ቀን እውነትም አፍሽን ሰፍቼው ነበር። ይኸው ተተረተረ" አለኝ። ከዚያ ካላንደሩን ከሚስማሩ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አነጠፈልኝ። ከታች የማተሚያ ቤቱ አድራሻ በዚያ አገር ፊደል አለ፤ አላውቀውም፣ ግን እንደ ሥዕል አድርጌ እያየሁ ገለበጥኩት። ወንድሙ አየና አንዲት ጭረት ብቻ ጨመረልኝ።

እማዬንም እርስዎ እንዲነግሯት አልጠበቅሁም። ወለሉን ግን አልነገርኳትም፣ አደራ ብለውኛል። የቀረውን ሁሉ ማታ ራት ላይ አወራሁላት። "ወንበሯን ልታሳጫት ነው?" አለች። "የሷን ወንበር አልፈልግም፣ የኔን ስም ነው" አልኳት። ሳህን አነሳች። ከዚያ ነጩን ሳህን ለብቻው አጥባ በሩ አጠገብ አቆመችው።

ሌንሷን እመልሳለሁ። ለአንድ ጠዋት ግን ታስፈልገኛለች። ከዚያ በኋላ በምን እንደማነሳ አላውቅም፤ ልብስ ሰፊው የድሮ ማጉያ መስታወት አለኝ፣ ክር ማስገቢያ ነበር፣ ዓይኔ ሲደክም ተውኩት ብሏል።

ይህን ደብዳቤ ወንድሙ በእጁ ያመጣልዎታል። እሱ በዚያ አገር ቋንቋ የጻፈልኝ ሌላ ደብዳቤ ደግሞ፣ ነገ ከማነሳው ፎቶ ጋር፣ በፖስታ ቤት ለአለቃዎ ይሄዳል፤ ስለዚህ ይህ ቀድሞ ይደርስዎታል። መሃል ያለው ጊዜ የእርስዎ ነው። ራስዎ ቢነግሯቸው ይሻላል። ከነገሯቸው፣ ደንበኞቹ ፊት የሚያሳዩትን ሁሉ አንድ በአንድ እጽፍልዎታለሁ፣ ትንፋሹንም ጭምር። ይህን ቃሌን ሰጥቻለሁ።

ነገ ጠዋት እማዬን ስልኩን ስጪኝ ብዬ ራሴ እጠይቃታለሁ፣ ለምን እንደሆነም እነግራታለሁ። ባልዲውን እዚያው እተወዋለሁ፣ ልብሱንም ከገመዱ አላወርድም፣ በሩንም አልዘጋም። ወይዘሮ ከተገኘች፣ የነገን ብቻ ዓይኗን አላይም። ሻሼን አውልቄ፣ ስልኩን ከአገጬ ዝቅ አድርጌ፣ ጀርባዋ ላይ ፊቴ እስኪሞላ ድረስ እጠጋለሁ።

የእህትዎ ልጅ